ምንጩን ከራስጌው ጠብቁት፦ ለሐዋሳና ለአካባቢዋ የውሃ ኮሚቴዎች ዝርዝር መመሪያ

የውሃ ኮሚቴ ውስጥ ስትመረጡ መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው የደረሰኝ ጥራዝና የቦኖው ቁልፍ ነው። ስለዚህ ሥራው ገንዘብ መሰብሰብና በር መክፈት ይመስላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ውሃውን ከብክለት ግን አንዳቸውም አያድኑትም። ብክለቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምንጩ ዓይን በላይ ነው፤ በሰው ማሳ፣ በሰው ጓሮ፣ በሰው ሽንት ቤት። ኮሚቴው ቁልፍ የሌለውም እዚያ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት በሐዌላ ቱላ ቀበሌዎችና ከከተማው ወጣ ባሉ መንደሮች የጎለበተ (በግንብ ተይዞ ቧንቧ የወጣለት) ምንጭ ወይም በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ለሚያስተዳድሩ ነው። ከተማ መሃል ሆናችሁ ቧንቧ የምትጠጡ ከሆነ ስለ ምርመራና ስለ አቤቱታ የተጻፈውን ብታነቡ ይበቃችኋል።

የመሬቱን ጠባይ እወቁ

ሐዋሳ የተቀመጠችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ እሳተ ገሞራ በተፋው አፈር ላይ ነው። አፈሩ ልል ነው፤ ቶሎ ይታጠባል፣ ውሃም ቶሎ ያሳልፋል። ጎርፍ ሲመጣ ላይኛውን አፈር ይዞ ይወርዳል። ላይ የፈሰሰ ቆሻሻም ታች ያለው ውሃ ጋ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሐይቃችን ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከዳገቱ የታጠበው ሁሉ መጨረሻው እዚያው ነው። አፈሩ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ጨለለቃን ይመልከት፤ በአንድ ወቅት ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግ ነው።

ሌላው የስምጥ ሸለቆ ጣጣ ፍሎራይድ ነው። እሱ ከድንጋዩ የሚመጣ ስለሆነ በአጥር አይመለስም። ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 1፦ በእግር ዙሩ

ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ሁላችሁም አብራችሁ ዳገቱን ውጡ። ሰብሳቢው ብቻ አይሂድ። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሴቶች የግድ ይኑሩ፤ ውሃው መቼ እንደሚደፈርስ፣ መቼ እንደሚሸት፣ ወረፋው መቼ እንደሚረዝም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጋብዟት። የትኛው ቤት ሽንት ቤት እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ታውቃለች።

የምትነሱት ከምንጩ ዓይን ነው። ከዚያ ጎርፍ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ወደ ራስጌው፣ ቢያንስ ጉብታው እስኪያልቅ ውጡ። አንድ ሰው ደብተር ይያዝ፣ አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ያያችሁትን ሁሉ መዝግቡ፦ ሽንት ቤት፣ በረት፣ የፍግ ክምር፣ የጫት ማሳ፣ ባህር ዛፍ፣ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ መቃብር፣ ጋራዥ፣ የወፍጮ ቤት ናፍጣ። ርቀቱን በእርምጃ ለኩ። ሜትር ካላችሁ የተሻለ ነው፣ ከሌለ ግን ሥራው አይቆምም።

ጉዞውን ዝናብ ባቆመ ማግስት አድርጉት። ይህን አጥብቄ የምለው በደረቅ ቀን ዳገት ሁሉ ንጹሕ ስለሚመስል ነው። ከዝናብ በኋላ ግን ጎርፉ የሄደበትን መንገድ በግልጽ ታዩታላችሁ፤ ሣሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል፣ ላስቲክና ፍግ አጥር ሥር ተከማችቷል፣ ደለሉ ገና እርጥብ ነው። ያ መስመር ወደ ምንጩ የሚያመራ ከሆነ ዋናውን ችግራችሁን አገኛችሁት።

ስትመለሱ የአካባቢውን አዛውንቶች ጠይቁ። ዱሮ ምንጩ የት የት ይፈልቅ እንደነበር፣ የትኛው ዓይን እንደደረቀ፣ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ይነግሯችኋል። በኋላ ለምትሠሩት ሥራም ሶንጎው (የሽማግሌዎቹ ሸንጎ) ከወዲሁ መስማቱ ይበጃል። ሽማግሌዎቹ ያልሰሙት ደንብ ዕድሜው አጭር ነው።

ያገኛችሁትን በትልቅ ወረቀት ላይ ሣሉት። ካርታው ሊያምር አይገባም። ምንጩ፣ ቤቶቹ፣ ጎርፉ የሚሄድበት መስመርና ርቀቶቹ ይታዩ። ፎቶ አንስታችሁም አስቀምጡት፤ ወረቀቱን አይጥ ሊበላው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ነጥብ ስጡት

አሁን ምንጩ ራሱ ጋ ቁሙና እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ። አጥር የለውም ወይስ ፈርሷል? ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የለም? ወይስ ኖሮ በአፈር ተሞልቷል? በ30 ሜትር ውስጥ ሽንት ቤት አለ? በ10 ሜትር ውስጥ ከብት ይገባል? የውሃ መሰብሰቢያው ሳጥን ግንብ ተሰንጥቋል? ክዳኑ የለም ወይስ ተከፍቶ ይውላል? የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቱቦው ወንፊት የለውም? ቧንቧው ሥር ውሃ ያቁራል? ሰው ልብስ የሚያጥበው እዚያው ነው? ከዝናብ በኋላ ውሃው ይደፈርሳል?

እያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ ነው። ከአሥር ስድስትና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ላቦራቶሪ ሳትጠብቁ ሥራ ጀምሩ። በጥያቄው ላይ ብትከራከሩ ችግር የለውም፤ ክርክሩ ራሱ ምንጩን ደህና አድርጋችሁ እንድታዩት ያደርጋችኋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በክረምት አንዴ በበጋ፣ በዚያው ወረቀት ድገሙት። ነጥቡ ከቀነሰ እየሠራችሁ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ውሃውን ስፈሩ

20 ሊትር ጄሪካን ቧንቧው ሥር አድርጉና በስልክ ሰዓት ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ያዙ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። በ40 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ በቀን 43,200 ሊትር ይሆናል። ለገጠር የተቀመጠውን በሰው በቀን 25 ሊትር ብትወስዱ 1,700 ለሚሆን ሰው ይበቃል። ልብ በሉ፣ ይህ የሌሊቱንም ውሃ ይጨምራል። ማጠራቀሚያ ከሌላችሁ ሌሊት የሚፈሰው ለማንም አይደርስም።

ልኬቱን በጥርና በየካቲት፣ ውሃው ሲሳሳ ውሰዱት። በነሐሴ የተለካ ምንጭ ሰው ያታልላል።

ደረጃ 4፦ ከራስጌ ጎረቤት ጋር ተነጋገሩ

ከባዱ ሥራ ይኸኛው ነው። አርማታ ለመሙላት ገንዘብ የሚሰጥ ይገኛል። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ «ሽንት ቤትዎን ያንሱልን» ማለት ግን ለማንም በውክልና የሚሰጥ አይደለም።

በመጀመሪያ ሰውዬውን ስብሰባ ላይ አትንኩት። ሕዝብ ፊት «ምንጩን የምትበክለው አንተ ነህ» የተባለ ሰው ልቡ ቢያውቅም በአፉ አያምንም። ቤቱ ሂዱ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ከመካከላችሁ አንዱ የሚያከብረው ሽማግሌ፣ አንዱ ሲዳምኛ ደህና የሚናገር ይሁን። ቡና ከቀረበ ጠጡ። ከዚያ ነገሩን ከእሱ ቤት ጀምሩት፦

«ጋሼ፣ የመጣነው ልንከስዎት አይደለም። ትናንት ዳገቱን ዞረን ነበር። ዝናቡ ከበረትዎ ተነስቶ በዚህ በኩል ወርዶ ምንጩ ላይ ይገባል። ልጆችዎም የሚጠጡት ከዚያው ነው። እስቲ አብረን ወርደን እንየው።»

አብራችሁ ወርዳችሁ ጎርፉ የሄደበትን መስመር በዓይኑ ካየ ግማሹ መንገድ አልቋል። ቀሪው ግማሽ ምን ያገኛል የሚለው ነው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ቦታ የሚያስማሙ ናቸው።

መሬቱን ለአጥር ለሚለቅ ሰው፦ ከአጥሩ ውስጥ የሚበቅለውን ሣር የሚያጭደው እሱ ብቻ ይሁን። ከብት አይገባም፤ ሣሩ ታጭዶ ይወጣል። የከብት መኖ በሚወደድበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተረፈውን ውሃም ለችግኙ ወይም ለእንሰቱ ይውሰድ። ወርሃዊ የውሃ ክፍያው ቢቀርለትም አትከስሩም። ስምምነቱን ጻፉት፣ አስፈርሙት፣ ቀበሌ ማህተም ያድርግበት። እሱ እሺ ብሎ ልጁ ሲወርስ እምቢ ያለባቸው ምንጮች አሉ።

ጫት ለሚያመርት፦ «የተባይ መድኃኒት አትርጭ» ብትሉት አይሰማችሁም፤ ኑሮው ነው። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን። ከምንጩ በላይ ባለው 30 ሜትር ውስጥ አይርጭ። በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ምንጩ ላይ ወይም ቦዩ ውስጥ አያጥበው። ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ማሳው ላይ አይጣል፣ በምንም ተዓምር ደግሞ ውሃ መቅጃ አይሁን። የመጨረሻው ለእናቶችም ለልጆችም በተደጋጋሚ መነገር አለበት። ጥሩ ክዳን ያላት ቆንጆ ጄሪካን ስትገኝ ማን ይጥላታል? የመርዙ ሽታ ቢጠፋም መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል። ዕቃው በሦስት ውሃ ታጥቦ፣ እጣቢው እዚያው መርጫ ውስጥ ተጨምሮ ማሳው ላይ ተረጭቶ፣ ከዚያ ዕቃው ይበሳ።

ሽንት ቤት፦ የቆየውን ማስነሳት ካልተቻለ ቢያንስ አዲስ ሲቆፈር ከምንጩ በታች በኩል፣ ከ30 ሜትር ርቆ ይሁን። በእኛ ልል አፈር ላይ 30 ሜትር የመጨረሻው ትንሹ እንጂ በቂ ነው የሚባል አይደለም። ቁፋሮውን በጉልበት አግዙት። ሰው ሽንት ቤቱን የማያነሳው ብዙ ጊዜ አቅም አጥቶ ነው።

ባጃጅ የሚያጥቡ ልጆች፦ ይህች የኛው ከተማ ጉዳይ ናት። ምንጭ ወይም ወንዝ ባለበት ባጃጅ አለ፣ ባጃጅ ባለበት ዘይትና አረፋ አለ። ማባረር ቀላል ነው፤ በሳምንቱ ማታ ማታ ይመለሳሉ። የሚሻለው ቦታ መስጠት ነው። ትርፉን ውሃ በቱቦ ወደ ታች ወስዳችሁ ከምንጩም ከወንዙም የራቀ ጠጠር የፈሰሰበት ማጠቢያ አብጁላቸው፤ እጣቢው ጉድጓድ ውስጥ ይስረግ። ከታች የውሃ ጉድጓድ ያለው ቤት እንዳይኖር አረጋግጡ። ልጆቹን በደንቡ ውስጥ አስገቧቸው፣ ትንሽ ይክፈሉ። ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ ምንጩ ጋ ቢያጥብ የሚጮሁት እነሱ ይሆናሉ።

ባህር ዛፍ፦ ከምንጭ ዓይን አጠገብ ያለ ባህር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩም ግንቡን ይሰነጥቃል። ባለቤቱ በሚሸጥበት ጊዜ ይቁረጠው፣ ጉቶው እንደገና እንዳያቆጠቁጥ ይደረግ። በቦታው ዋንዛ፣ ወይራ፣ ብሳና የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ተክሉ፤ ከሳጥኑ ግን አራቋቸው።

ደረጃ 5፦ ቦዩ፣ አጥሩ፣ ክዳኑ

ገንዘብ ስታገኙ ሁሉም የሚያየው አርማታው ስለሆነ ወደዚያ ትሳባላችሁ። የተገነባበትን ድጋፍ የሚናገረው ታፔላ ከአጥሩ የሚበልጥበት ምንጭ አይቻለሁ። እኔ ቅደም ተከተሉን የማስቀምጠው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ከዚያ ክዳን፣ ከዚያ አጥር፣ ቀለምና ታፔላ በመጨረሻ።

ቦዩ ከምንጩ ዓይን ከ8 እስከ 10 ሜትር ወደ ላይ፣ እንደ ጨረቃ ቅርጽ ጎበጥ ብሎ ይቆፈር። ጎርፉን ግራና ቀኝ ከፍሎ ከምንጩ በታች ያውርደው። የተቆፈረው አፈር ወደ ታችኛው በኩል ይከመርና ደሾ ሣር ወይም ቬቲቨር ይተከልበት። ደሾ ሥሩ አፈር ያጣብቃል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። ሐምሌ ላይ ተክሉት። ቦይ በየክረምቱ ይሞላል፤ ግንቦት ላይ መጥረግ የኮሚቴው የዓመት ግዴታ ነው፣ በዘመቻ ጉልበት ይሠራል።

ክዳኑ ከንፈር ይኑረው፣ የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳያንጠባጥብ። ቁልፉ አንዱ ጠባቂው ጋ፣ አንዱ ሰብሳቢዋ ጋ ይሁን። በትርፍ ውሃ ማስወጫው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ እሰሩበት፤ እንቁራሪትና አይጥ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። የከብት ማጠጫ ገንዳው ከምንጩ በታች ይሠራ፣ ልብስ ማጠቢያውም ከዚያ ታች።

አጥር ስታጥሩ የሰው መተላለፊያ አስቡበት። በቀጥታ ወደ ቧንቧው የሚወስድ መንገድ ካልተውን ሴቶች አጥሩን ጥሰው ያልፋሉ። ጥፋቱ የነሱ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ደንብና ገንዘብ

አጭር መተዳደሪያ ደንብ ይበቃል፤ አንድ ገጽ። ምን ክልክል እንደሆነ፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚቀጣ፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ። ቅጣቱን ሕዝቡ ራሱ ይወስን። ኮሚቴ ያወጣው ቅጣት ለአባላቱ ዘመድ ሲሆን ይለሳለሳል፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የገንዘብ ያዥና የሰብሳቢ ጣምራ ፊርማ ያለበት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ከእድር የተማራችሁትን ሁሉ እዚህ ተጠቀሙበት። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪ ቦኖው ላይ ይለጠፍ።

ደረጃ 7፦ ምርመራ

ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት በኩል የላቦራቶሪ ምርመራ በደብዳቤ ጠይቁ።

መጀመሪያ ፍሎራይድ ይታይ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ የጉድጓድ ውሃ አለ። ምልክቱ የልጆች ጥርስ መበለዝ ነው፤ ለረጅም ዘመን ብዙ የጠጣ ሰው አጥንቱና መገጣጠሚያው ይጎዳል። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም የቀረው ይጠነክራል። ክሎሪንም አይነካውም። ውጤቱ ከፍ ካለ መፍትሔው ለመጠጥና ለምግብ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈርላችሁ የፍሎራይድ ውጤት ሳታዩ ርክክብ አትፈርሙ።

ከዚያ የሰገራ ባክቴሪያ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ.ኮላይ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ መገኘት የለበትም። ናሙናው ከዝናብ በኋላ ቢወሰድ እውነቱን ይናገራል። በክሎሪን የሚታከም ውሃ ከሆነ ደግሞ ቧንቧው ላይ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ይሁን፤ በቀለም የሚለካ ቀላል መሣሪያ ስላለ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ውሃው ከደፈረሰ ክሎሪን በደንብ አይሠራም፤ አስቀድሞ ይጠለል።

ደረጃ 8፦ ጉድጓድ በክሎሪን ማጠብ

ጎርፍ ከገባበት፣ ጥገና ከተደረገ ወይም የሞተ እንስሳ ከተገኘበት በኋላ ይደረጋል። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ባለበት ሥሩት። ሒሳቡን ግን እናንተም እወቁት። የጉድጓዱ ስፋት 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር ቢሆን፦ 0.785 ሲባዛ በስፋቱ ስኩዌር ሲባዛ በጥልቀቱ፣ 2.36 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2,360 ሊትር ገደማ ይመጣል። በሊትር 50 ሚሊግራም ለማድረስ 118 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። 70 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት ከሆነ 170 ግራም ያህል ነው። በባልዲ ውሃ በጥብጡት። ውሃ ላይ ዱቄት ጨምሩ እንጂ ዱቄት ላይ ውሃ አታፍስሱ። ጓንት አድርጉ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ።

አፍስሳችሁ የጉድጓዱንም ግድግዳ እጠቡበት። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማንም አይቅዳ፤ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ቅዱና ድፉ። የሚደፋው ወደ ወንዝ ወይም ወደ አትክልት አይሂድ።

ደረጃ 9፦ ብክለቱ ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን

ከጎረቤት ጋር ቡና ተጠጥቶ ያልቃል። ከፋብሪካ፣ ከጋራዥ ወይም ፍሳሹን ሌሊት ከሚደፋ ቦቴ መኪና ጋር ግን ወረቀት ያስፈልጋል።

ማስረጃውን አስቀድሙ። ፎቶና ቪዲዮ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት ይሁን። ውሃው ምን እንደሚሸት፣ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደመጣ ያየው ሰው ራሱ ይጻፍና ይፈርም። ናሙናውን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ባለሙያ እንዲወስድ ጠይቁ፤ እናንተ በሃይላንድ የቀዳችሁት ክርክር ላይ አይጸናም።

ከዚያ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። «እናንተን ምን አገባችሁ» የሚል ቢመጣ መልሱ ይኸው ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ይናገራል። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ጥቀሱ።

30 ቀኑ የሚቆጠረው ከማመልከቻው ስለሆነ ቅጂያችሁ ላይ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ሳታስመቱ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። «አስቀምጡትና ነገ ተመለሱ» ብትባሉ በትህትና ቁጭ በሉ። ግልባጩን ለክፍለ ከተማው፣ ለጤና ጽሕፈት ቤትና ለውሃ ጽሕፈት ቤት ላኩ።

ደረጃ 10፦ ድንገተኛ ቀን

በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ተቅማጥና ትውከት ከያዘው፣ ውሃው ድንገት ከሸተተ ወይም የመድኃኒት ዕቃ ምንጩ ውስጥ ከተገኘ፦ ቦኖውን ዝጉ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ሰዓት ደውሉ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ድምፅ ማጉያ አስነግሩ። ጥርጣሬው በሽታ ከሆነ ውሃው እየተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይፍላ፣ ወይም «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርበት፤ ከጨመሩበት በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ጥርጣሬው የተባይ መድኃኒት ወይም ነዳጅ ከሆነ ግን ማፍላትም ክሎሪንም አያድንም። ውሃው አይጠጣ፣ ለከብትም አይሰጥ። ሌላ ውሃ በጋሪ የሚመጣበትን መንገድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከየት እንደሚቀዳና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ደንቡ ላይ ይስፈር።

የኮሚቴው ዘመን ሲያልቅ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። አዲሶቹ የሚቀበሉት ቁልፍ፣ ደረሰኝና የባንክ ደብተር ብቻ አይደለም። ካርታው፣ የነጥቡ ወረቀቶች፣ የላቦራቶሪ ውጤቶች፣ ከራስጌ ጎረቤቶች ጋር የተፈረሙት ስምምነቶችና ማህተም የተመታባቸው ደብዳቤዎች በአንድ ፋይል ይግቡ። ከዚያ አሮጌውም አዲሱም ኮሚቴ ዳገቱን አንዴ አብሮ ይውጣ፤ የመሬቱ ባለቤቶችም አዲሶቹን ሰዎች በዚያው ቀን ይወቋቸው።